ከወህኒው ደጃፍ ባሻገር፤ የተፈታ እሥረኛና የሥራ ጥያቄ በልብ ወለድና በፊልም

ከእሥር ቤት የወጣ ሰው በልብ ወለድ መጽሐፍም ሆነ በፊልም ዋና ገጸ ባሕርይ ሆኖ ሲቀርብ ብዙ አይሰነብትም። ደራሲው ከወህኒው በር ያስወጣዋል፤ በአንባቢው ፊት ያንከራትተዋል፤ ልቡ እንዲመለስ ያደርጋል፤ ሥራ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ሥራውን በወጉ ሳይለምደው ይገድለዋል። ተመልካቹ አዳራሹን ለቆ ሲወጣ ዓይኑን ይጠርጋል። ይህ አካሄድ ከአንድ ደራሲ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲሻገር ስለሚታይ እንደ ድንገተኛ ነገር ሊታለፍ አይገባውም። የሞተ ጀግና በነገታው ሥራ አይጠይቅም። ማመልከቻውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ አይዞርም፤ ተያዥ አምጣ አይባልም፤ ከጎኑ የቆመው ሠራተኛ ዕቃ በጠፋ ቁጥር ወደ እሱ ዞር ብሎ ሲያይ አይታይም። ስለዚህ ሞቱ ለራሱ ለገጸ ባሕርዩ መከራ ቢሆንም ለደራሲውና ለተመልካቹ ግን እረፍት ነው። አንዱ ሊጽፈው ከሚያስቸግር፣ ሌላው ሊመልሰው ከሚያሳፍር ጥያቄ ይገላገላሉ። ጥያቄውም «ይህ ሰው በሕይወት ቢኖር ኖሮ አንተ ትቀጥረው ነበር ወይ?» የሚል ነው።

ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው ቫሲሊ ሹክሺን ራሱ ደርሶ፣ ራሱ አዘጋጅቶና ዋናውን ገጸ ባሕርይ ራሱ ተጫውቶ እ.ኤ.አ. በ1974 ለሕዝብ ያቀረበው «ካሊና ክራስናያ» የተሰኘው የሶቪየት ፊልም ነው። ርእሱ መራራ ቀይ ፍሬ የሚያፈራ የአንድ ቁጥቋጦ ስም ነው። ከ60 ሚሊዮን በላይ ተመልካቾች አይተውታል። ሹክሺን በዚያው ዓመት ሌላ ፊልም በመሥራት ላይ እንዳለ በ45 ዓመቱ ስለ ሞተ፣ ብዙዎች ፊልሙን እንደ ኑዛዜው ይቆጥሩታል። አባቱ እ.ኤ.አ. በ1933 ተይዞ በጥይት የተገደለ የአልታይ ገበሬ እንደ ነበረ ሲታወስ ደግሞ፣ የእሥር ቤት በርና የገጠር ቤት ደጃፍ በዚህ ሰው አእምሮ ውስጥ ለምን ትይዩ ሆነው እንደ ቆሙ ለመገመት አያዳግትም።

የፊልሙ ታሪክ ቀላል ነው። «ሐዘን» የሚል ትርጉም ያለው የወንበዴ ቅጽል ስም የወጣለት የጎር ፕሮኩዲን የተፈረደበትን ዘመን ጨርሶ ይፈታል። በእሥር ላይ እያለ በደብዳቤ የተዋወቃት ሊዩባ የተባለች የገጠር ሴት አለችው። መጀመሪያ ወደ ቀድሞ ጓዶቹ ዋሻ ይሄዳል፤ እዚያ ፖሊስ ሲደርስ ያመልጣል፤ ከዚያ ወደ ሊዩባ መንደር ያመራል። አባትና እናቷ በጥርጣሬ ይቀበሉታል፤ ወንድሟ ፔትሮ ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ሥራ ይጀምራል። የወንበዴው አለቃ ገንዘብ በመልእክተኛ ሲልክበት ገንዘቡንም መልእክተኛውንም አዋርዶ ይመልሳል። በመጨረሻም ጓዶቹ በመኪና መጥተው እርሻ ላይ ሲሠራ ያገኙትና ይገድሉታል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ሥራ የሚታየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ ይሁን እንጂ እነዚህ ደቂቃዎች ከቀረው ሁሉ ይበልጥ የሚመዝኑ ናቸው። የጎር መጀመሪያ የሚያገኘው ሥራ የእርሻውን ዲሬክተር በመኪና ማመላለስ ነው። ለአንድ ከእሥር ለወጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ዕድል የሚገኝ አይመስልም። ንጹሕ ሥራ ነው፤ ከባለሥልጣን ጋር ያቀራርባል፤ እጅን አያሻክርም። እሱ ግን ወዲያው ይተወዋል። መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሰው መጠበቅ፣ ሲመጣ መንቀሳቀስ፣ ሲል መቆም፤ ይህ ከወጣበት ሕይወት ጋር ዝምድና አለው። በወህኒም ሆነ በወንበዴው ጭፍራ ውስጥ የኖረው የሌላውን ፊት እያየ ነው። ከዚያ በኋላ ትራክተር ላይ ይወጣል። ሹክሺን ካሜራውን በመሬቱ ላይ ያቆየዋል፤ የተገለበጠው አፈር ይታያል፤ የሰውዬው ፊት ይፈታል። ንግግር የለም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው ፈር እስኪያልቅ ድረስ ተመልካቹ የሚያየው አንድ የ40 ዓመት ሰው እጁ የሠራውን ነገር ወደ ኋላው ዞሮ ሲመለከት ነው። ሰርቆ የወሰደውን ነገር ዞሮ ለማየት ጊዜ አግኝቶ አያውቅም ነበር።

ከዚህ ትዕይንት ጎን የሚቆመው የእናቱ ትዕይንት ነው። የጎር ሊዩባን ይዞ ወደ አንዲት አሮጊት ቤት ይሄዳል፤ ጥቁር መነጽር አድርጎ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ሊዩባ አሮጊቷን ስለ ልጆቿ ትጠይቃለች። አሮጊቷ እናቱ ናት፤ አላወቀችውም። ሴትዮዋ ተዋናይት አልነበረችም። ፊልሙ ከተሠራበት አካባቢ የተገኘች የመንደር ሴት ስትሆን፣ በአነጋገሯ ውስጥ ያለው ኑሮ የራሷ ነው። ከዚያ ሲወጡ ሰውዬው በፍርስራሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ መሬት ላይ ተደፍቶ ያለቅሳል። ብዙ ሐያሲያን የፊልሙ እምብርት ይህ ልቅሶ ነው ብለዋል። ይሁንና ከልቅሶው በኋላ የሚናገረው ነገር ይበልጥ ያስደንቃል። ለእናቱ ማንነቱን ያልነገራት ጸጉሩ እስኪያድግ፣ ጥቂት ገንዘብ እስኪይዝ፣ ሰው እስኪመስል ድረስ ብሎ ነው። የተላጨ ራስ የእሥር ቤት ማኅተም ነው። ይህ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው በባዶ እጁ አይደለም፤ በደመወዝና ባደገ ጸጉር ነው። ንስሐን በልብ ብቻ የሚያይ ደራሲ እንዲህ ያለውን ንግግር አይጽፍም ነበር።

እንግዲህ ሹክሺን ይህን ያህል ካየ ለምን ገደለው? የተለመደው መልስ፣ የወንበዴ ዓለም የወጣበትን ሰው አይለቅም የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ደም ያስተሳሰራቸው ጭፍሮች በየትም አገር የከዳቸውን ይከታተላሉ። ነገር ግን ፊልሙ ከዚህ በፊት የዘለለው ነገር አለ። የጎር ሥራ የሚያገኘው በሊዩባ ቃል ነው፤ አንድ ሰው እንኳ የሥራ ደብተሩን ሲያገላብጥ አይታይም። በዚያ ዘመን በሶቪየት ኅብረት የሠራተኛው ታሪክ ሁሉ የሚጻፍበት የሥራ ደብተር ነበረ። ከእሥር ከተፈቱት ውስጥ ብዙዎቹ በታላላቅ ከተሞችና በዙሪያቸው እስከ 100 ኪሎ ሜትር ባለው ክልል ውስጥ ለመኖር አይፈቀድላቸውም ነበር። ፊልሙ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያነሣም። አንድም የሥራ ባልደረባ የለውም፤ ከጎኑ ትራክተር የሚነዳ፣ ምሳ አብሮት የሚበላ፣ በቀልድ የሚነካው ሰው አልተሳለም። መሬቱ አለ፣ የበርች ዛፎቹ አሉ፣ ሰውዬው አለ። ሹክሺን ሥራን እንደ ጸሎት አሳየ፤ እንደ ማኅበራዊ ኑሮ ግን አላሳየም። ጸሎት የሚቋረጠው በጥይት ብቻ ስለ ሆነ ጥይት አስፈለገው። ከባልደረቦች ጋር የሚሠራ ሥራ ቢሆን ኖሮ የሚቋረጥበት ሌላ ብዙ መንገድ በተገኘ ነበር፤ በሐሜት፣ በቅጥር ኮሚቴ፣ በጠፋ አካፋ። እነዚህ ደግሞ ለፊልም መጨረሻነት የማይመቹ፣ ለእውነት ግን የቀረቡ ናቸው።

የወንበዴው አለቃ የሟቹን አስከሬን ትቶ ሲሄድ፣ ይህ ገበሬ ነበር፣ ገበሬ ደግሞ ሞልቷል በሚል መንፈስ ይናገራል። ደራሲው ለስድብ በሰጠው አፍ ሳይታወቀው ማዕረግ ሰጠው። ሟቹ ሲመኘው የኖረው ይህንኑ፣ ከብዙዎቹ እንደ አንዱ መቆጠርን ነበርና።

የሹክሺንን ጉድለት በሚገባ ለመረዳት ከእሱ 112 ዓመት ቀድሞ ወደ ወጣ መጽሐፍ መመለስ ይጠቅማል። የቪክቶር ሁጎን «ሌ ሚዜራብል» አንባቢው በአማርኛ «መከረኞቹ» በሚል ርእስ ያውቀዋል። ስለ ዣን ቫልዣን ሲነሣ ሁሉም የሚያስታውሰው ጳጳሱ የሰጡትን የብር መቅረዝ ነው። ለእህቱ ልጆች ዳቦ ሰርቆ 5 ዓመት፣ ለማምለጥ በመሞከሩ ተጨማሪ 14 ዓመት፣ በድምሩ 19 ዓመት የታሠረው ሰው፣ ይቅርታን በመቅረዝ መልክ ሲቀበል ልቡ ይሰበራል። መምህራን ለተማሪዎቻቸው የሚተርኩት ይህን ነው፤ መድረክ ላይ የሚወጣውም ይኸው ነው።

ሆኖም ሁጎ ከመቅረዙ በፊት የጻፈው፣ አንባቢው ቸኩሎ የሚያልፈው ግማሽ ገጽ አለ። ቫልዣን በተፈታ ማግሥት ግራስ በምትባል ከተማ የሽቱ መጥመቂያ ደጃፍ ላይ ጭነት ሲራገፍ አይቶ ሥራ ይጠይቃል፤ ሰው ስለ ቸገራቸው ይቀበሉታል። ብርቱና ቀልጣፋ ነው፤ አሠሪው ደስ ይለዋል። በመካከሉ አንድ ወታደር አይቶት ወረቀቱን ይጠይቀዋል፤ የወንጀለኛ ምልክት የሆነውን ቢጫ ይለፍ ያሳያል፤ ወደ ሥራው ይመለሳል። የቀን ሠራተኛው ሒሳብ 30 ሱ መሆኑን ከባልደረባው ሰምቷል። ማታ አሠሪው አንዲት ቃል ሳይናገር ከዚያ ያነሰ ይሰጠዋል። ሲጠይቅ፣ ለአንተ ይበቃል ይባላል፤ ደግሞ ሲጠይቅ ወህኒ ቤቱ እንዳለ ያስታውሱታል። ከእሥር ቤት ይዞት የወጣው የ19 ዓመት የድካሙ ዋጋ ራሱ 109 ፍራንክ ከ15 ሱ ብቻ ነበር፤ ያም ቢሆን በሒሳብ ስም ተሸርፎ የቀረለት ነው።

ይህች ግማሽ ገጽ ከመቅረዙ ትበልጣለች። መቅረዙ አንድ ልዩ ሰው ለአንድ ልዩ ሰው ያደረገውን ቸርነት ያሳያል። የግራስ ደጃፍ ግን ተራውን ነገር ያሳያል። አሠሪው ክፉ ሰው ነው አልተባለም፤ ወረቀት አየ፣ ወረቀቱ ዋጋ ለመቀነስ ምክንያት ሆነለት፣ ቀነሰ። በዚህ ውስጥ አንድም የተጋነነ ቃል የለም። በሁጎ ዘንድ ያልተጋነነ ነገር ማግኘት ብርቅ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የባሰ ነው። ቫልዣን ስሙን ለውጦ፣ ሙሴ ማድሌን ተብሎ ሞንትሮይ-ሱር-ሜር ከተማ ሲገባ ወረቀት የጠየቀው የለም። በገባበት ምሽት ከእሳት ያወጣቸው ሁለት ልጆች የፖሊስ አዛዡ ልጆች ስለ ነበሩ ይለፉን መጠየቅ ተረሳ። ከዚያም የጥቁር ዶቃ አሠራርን አሻሽሎ ፋብሪካ ይከፍታል፤ ከተማዋን ያበለጽጋል፤ ከንቲባ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሊሠራ የሚችል ሰው በራሱ ስም ግን የቀን ሠራተኛ እንኳ ሆኖ ሙሉ ሒሳብ ሊከፈለው አልቻለም። ደግሞም በዚያው በራሱ ፋብሪካ ፋንቲን የምትባለው ሴት፣ ያለ ጋብቻ ልጅ እንደ ወለደች ስለ ታወቀ ከሥራ ትባረራለች። ያባረረቻት የሴቶቹ ክፍል ኃላፊ ናት፤ ያባረረቻትም በከንቲባው ስም ነው፤ እሱ ምንም አላወቀም። ያለፈ ታሪኩን ደብቆ የከበረ ሰው ያቋቋመው ፋብሪካ፣ ያለፈ ታሪኳ የተገለጠባትን ሴት ወደ ጎዳና ይጥላል። ሁጎ ይህን ሲያቀናብር ቅን ልብ ያለው ባለቤት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ነገሩን የሚወስነው በር ላይ የቆመው የቅጥር ሥርዓት እንደ ሆነ አሳይቷል። መጽሐፉ ከእሱ በኋላ ወደ ቦይና ወደ ምሽግ ገብቶ ከፋብሪካው በመራቁ፣ ይህን የጀመረውን ክር ሳይጨርሰው ቀርቷል።

የሶቪየት ኪነ ጥበብ ይህን ክር ለማንሣት ቃል ገብቶ ነበር። ኒኮላይ ኤክ እ.ኤ.አ. በ1931 የሠራው «የሕይወት መንገድ»፣ የመጀመሪያው ባለ ድምፅ የሶቪየት የትረካ ፊልም፣ ከርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ጎዳና ላይ የቀሩትንና ሌብነት የለመዱትን ልጆች በአናጢነትና በጫማ ሥራ፣ በኋላም በባቡር ሐዲድ ግንባታ ሲሰማሩ ያሳያል። ዋናው ልጅ ሙስጠፋ በሐዲዱ ምረቃ ዋዜማ በቀድሞ አለቃው ይገደላል፤ የመጀመሪያው ባቡር ሬሳውን ይዞ ይገባል። ከየጎር ፕሮኩዲን 43 ዓመት ቀድሞ ያው ሞት ነው። ሙስጠፋን የተጫወተው ኢቫን ኪርላ የማሪ ብሔረሰብ ባለቅኔ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 ተይዞ በ1943 በእሥር ካምፕ ውስጥ ሞተ። ሥራ ሰውን እንደሚያድን በፈገግታው ለዓለም ያስተማረ ተዋናይ በግዳጅ ሥራ መካከል አለቀ።

ይህ ወደ አንድ አሳፋሪ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይመራል። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 የነጭ ባሕርንና የባልቲክን ባሕር የሚያገናኘው ቦይ በእሥረኞች ጉልበት ሲቆፈር፣ በሺህ የሚቆጠሩት በሥራው ላይ ሞቱ። በነሐሴ ወር 1933 እ.ኤ.አ. 120 ያህል ጸሐፊዎች በመርከብ ተወስደው ቦዩን ጎበኙ፤ በማግሥቱ ዓመት 36 ጸሐፊዎች የተሳተፉበት፣ ጎርኪ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሆነበት መጽሐፍ ታተመ። መጽሐፉ የግዳጅ ሥራ ወንጀለኛን እንደ ብረት አቅልጦ አዲስ ሰው እንደሚያደርግ ሰበከ። ኒኮላይ ፖጎዲን በዚያው ቦይ ላይ «አሪስቶክራቶች» የተባለውን ተውኔት ጻፈ፤ ተውኔቱ አስቂኝ ነው። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1937፣ ቦዩን የመሩት ባለሥልጣናት ራሳቸው ሲያዙ መጽሐፉ ከየቤተ መጻሕፍቱ ተለቀመ። የጥበብ ሰዎች ከዚህ የሚማሩት አንድ መለያ አለ። ሰውዬው ሥራውን ትቶ ሊሄድ በማይችልበት ቦታ ስለ ሥራ ክቡርነት የሚጻፍ ነገር ሁሉ መጠርጠር አለበት። የየጎር ፕሮኩዲን ትራክተር ክብር የሚያገኘው አስቀድሞ የዲሬክተሩን መኪና ትቶ ሊወርድ በመቻሉ ነው።

አንቶን ማካሬንኮ በዚያው ዘመንና በዚያው ሥርዓት ውስጥ ጽፎ ከዚህ ክስ በከፊል የሚያመልጥ ደራሲ ነው። በከፊል የተባለው በኋላ የመራው በካርኮቭ የሚገኘው የዤርዥንስኪ ማኅበር በጸጥታው መሥሪያ ቤት የተቋቋመ ስለ ነበረ ነው። እዚያ ልጆቹ በቀን 4 ሰዓት እየሠሩ ይማሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የጀርመኑን ላይካ አስመስለው «ፌድ» የተባለውን ፎቶግራፍ ማንሻ በብዛት ሠሩ። ፌድ የፌሊክስ ኤድሙንዶቪች ዤርዥንስኪ ስም መጀመሪያ ፊደላት ናቸው። በመንገድ ላይ ኪስ ሲያወልቁ የኖሩ ጣቶች ከማይክሮን የማይበልጥ ስሕተት የማይፈቀድበትን ዕቃ መሥራታቸው በማንኛውም መመዘኛ የሚያስደንቅ ነው።

የማካሬንኮ ታላቅ መጽሐፍ ግን ስለ ቀድሞው፣ እ.ኤ.አ. በ1920 በፖልታቫ አጠገብ ስለ ተከፈተው ቅኝት የሚተርከው «የትምህርት ቅኔ» ነው፤ ከ1933 እስከ 1935 ታተመ። መምህሩ በንዴት አንዱን ልጅ በጥፊ መምታቱን እንኳ አይሰውርም፤ ይህም መጽሐፉን ከቦዩ መጽሐፍ ይለየዋል። የልጆቹን የወንጀል መዝገብ ማንበብ መተዉንም ይናገራል። ይህ ለቸርነት የተደረገ አልነበረም፤ መዝገቡን ያነበበ አስተማሪ ልጁን ሳይሆን መዝገቡን ማስተማር ስለሚጀምር ነው።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካራባኖቭ የተባለውን የቀድሞ ሌባ ለገንዘብ የሚልክበት ክፍል ለዚህ ጉዳይ ሁሉ ቁልፍ ነው። ፈረስና ሽጉጥ ይሰጠዋል፤ 500 ሩብል ከከተማ አምጣ ይለዋል። ልጁ ያመጣል። ከሁለት ሳምንት በኋላ 2,000 ሩብል አምጣ ይለዋል፤ ያመጣል፤ እንዲቆጥርለት ይለምናል፤ መምህሩ ሳይቆጥር ይቀበለዋል። እዚህ ላይ የሚታየው ይቅርታ አይደለም። መቅረዝ አልተሰጠም። የተሰጠው ሥራ ነው፤ ለዚያውም ተራ የተላላኪ ሥራ፤ የመስጠቱም ሁኔታ ለሌላ ለማንኛውም ታማኝ ሠራተኛ እንደሚሰጠው ነው። ካራባኖቭን ያስጨነቀው ይኸው ነው፤ ቁጠረው እያለ የሚለምነው ጥርጣሬው ስለ ለመደው፣ ያለ ጥርጣሬ መቆም ስላልቻለ ነው። ሹክሺን በአንድ የፈር ርዝመት የገለጸውን ለውጥ ማካሬንኮ በገንዘብ ጥቅል ገለጸው፤ በዚህ ጊዜ ግን በትዕይንቱ ውስጥ ሌላ ሰው፣ አሠሪ፣ አለ። አደጋውን የሚጋራ አሠሪ በሥዕሉ ውስጥ መኖሩ ከሌሎቹ ሁሉ ልዩ ያደርገዋል።

ማካሬንኮ ካራባኖቭን አልገደለውም። ሊገድለውም አይችልም ነበር፤ ለገጸ ባሕርዩ መነሻ የሆነው ሴምዮን ካላባሊን እውነተኛ ሰው ነበርና። ይህ ሰው ራሱ አስተማሪ ሆኖ እንደ እሱ ያሉትን ልጆች ሲያሳድግ ኖረ፤ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። ፈጠራ በሦስተኛው ክፍል ላይ ጨርሶ በቀብር ሊዘጋው የሚችለውን ታሪክ፣ እውነታ 50 ዓመት ያህል አስኬደው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ የሆነውን ግን፣ ደመወዙን፣ የሥራ ዝውውሩን፣ ስሙ ሲነሣ የሚያንሾካሹኩትን፣ የጻፈ ልብ ወለድ የለም።

ፊትን ወደ አገር ቤት ሲመልሱ፣ ቋንቋው ራሱ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ የሚናገር ሆኖ ይገኛል። ከጣሊያንኛ የመጣው «ከርቸሌ» የድንጋይ ቃል ነው። አዲስ አበባ የነበረው «ዓለም በቃኝ» ደግሞ ከገቡ በኋላ መውጣት እንደሌለ የሚያስረዳ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ወዲህ በቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት አዳራሽ ቆሟል። ዛሬ የሚሠራበት «ማረሚያ ቤት» የሚለው ስያሜ ከሁሉ ይሻላል፤ ገበሬ አዝመራውን፣ አስተማሪ የተማሪውን ደብተር የሚያርምበት ቃል ነውና። አረም የሚነቀለው ሰብሉ እንዲኖር ነው፤ ደብተርም የሚታረመው ለባለቤቱ ሊመለስ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ቅጣቱን ፈጽሞ የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው፣ ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ እንደሌለ የሚቆጠርበትን ሥርዓት ሲደነግግ «መሰየም» ብሎታል። አንድ ባለቅኔ ከዚህ የተሻለ ቃል ሊፈጥር አይችልም። ሙሴ ማድሌን ስሙን ሰርቆ ያገኘውን ነገር ሕጉ በራስ ስም ሊሰጥ ቃል ገብቷል።

በመድረክና በመጽሐፍ ላይ ግን ይህ ቃል ገና አልተሠራበትም። የተፈታ እሥረኛ በተውኔቶቻችን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ሊበቀል ወይም ሊሞት ነው፤ ካልሆነም በመጨረሻው ትዕይንት ጉልበት ስሞ ይቅር ሊባል። በየማረሚያ ቤቱ ሽመና፣ አናጢነትና ልብስ ስፌት የተማረ ሰው፣ ሙያውን ይዞ ወጥቶ የቅጥር ማስታወቂያ ፊት ሲቆም አይታይም። ማስታወቂያው «ተያዥ ማቅረብ የሚችል» ይላል። ለዚህች አጭር ሐረግ አንድ ሙሉ ተውኔት ይበቃል። ተያዥ የሚሆን ሰው ደመወዝተኛ መሆን አለበት፤ ደመወዝተኛው አጎት ለወንድሙ ልጅ ሊፈርም ይፈልጋል፤ ሚስቱ የልጆቻቸውን ጉሮሮ ታስባለች፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። አጎትየው የማስታወቂያውን ቀን ያሳልፈዋል፤ ታመምኩ ይላል። በዚህ ውስጥ ሽጉጥ የለም፣ ወንበዴ የለም፣ ክፉ ሰው እንኳ የለም። የግራስ አሠሪ ግን በመካከላቸው ተቀምጧል። ሽማና መጋዝ በእጁ የለመደው ልጅ ደግሞ ከበሩ ውጭ ሆኖ ንግግሩን ይሰማል። ይህን ለመጻፍ ደራሲው የማረሚያ ቤቱን ግቢ ከመጎብኘት ይልቅ የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል በር ላይ አንድ ጠዋት ቢቀመጥ ይጠቅመዋል።

እንዲህ ያለ መጨረሻ ለመጻፍ ድፍረት ያገኘ አንድ ደራሲ አለ። አልፍሬድ ዶብሊን በበርሊን ድኆች ሠፈር የሚሠራ ሐኪም ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው «በርሊን አሌክሳንደርፕላትዝ» በተሰኘው ልብ ወለድ ፍራንዝ ቢበርኮፍ ፍቅረኛውን ገድሎ 4 ዓመት ከታሠረበት ከቴገል ወህኒ ይወጣል። በበሩ ላይ ቆሞ ትራም ያልፈዋል፤ ሌላው ያልፈዋል፤ መሳፈር ይፈራል፤ ቅጣቱ አሁን ጀመረ ይላል ተራኪው። ሐቀኛ ሆኖ ለመኖር ይምላል፤ የክራቫት ማያዣ ያዞራል፤ ጋዜጣ ይሸጣል፤ ያመነው ሰው ከመኪና ወርውሮት አንድ ክንዱን ያጣል፤ የሚወዳት ሴት ትገደልበታለች፤ አእምሮው ይናወጣል። መሞት የሚገባው ጀግና ቢኖር እሱ ነው፤ ሞትም ራሱ በመጽሐፉ ውስጥ መጥቶ ያነጋግረዋል።

ዶብሊን ግን አልገደለውም። በመጨረሻዎቹ ገጾች ቢበርኮፍ በአንድ መካከለኛ ፋብሪካ ረዳት በረኛ ሆኖ ይቀጠራል። ብዙ አንባቢዎች ይህን መጨረሻ ደካማ ነው ብለው አዝነዋል፤ ያን ሁሉ ማዕበል አልፎ ለበረኛነት ነውን? ያሉ አሉ። ቅሬታቸው የሚገባ ነው፤ መጨረሻው የተቻኮለ ነው፤ ደራሲው ይህን ሕይወት ሊቀጥልበት ሲገባ በጥቂት ገጽ ዘጋው። ሆኖም ሥራው ተቆጥሮ ተነግሯል። አንድ ክንድ ያለው የቀድሞ እሥረኛ በፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የሠራተኞቹን ቁጥር ይወስዳል፤ ጋሪዎቹን ይፈትሻል፤ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ ያያል።